አዲሱ እግሬ ይበልጥ ያደክመኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመኪና አደጋ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ቆይቷል። በቅርቡ ሰው ሠራሽ እግሬን አስቀየርኩ። ልጄ የላከችልኝን የእጅ ሰዓት አድርጌ፣ ሰፈራችን ኳስ ሜዳ ላይ በሁለቱም እግሮች 5፣ 5 ደቂቃ ተራመድኩ። ቁጭ ስል የልብ ምቴ በደቂቃ 76 ነው። በአሮጌው 250 ሜትር ሄጄ 110 ደረሰ፤ በአዲሱ 325 ሜትር ሄጄ 114። ጓደኛዬ «ይሄማ ባሰ፣ መልስላቸው» ይለኛል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ እንዳይመልሱት! ጓደኛዎ ምቱን እንጂ ሜትሩን አላየም።

ሲራመዱ ከነበረው ምት ቁጭ ሲሉ ያለውን ይቀንሱ። የቀረውን በደቂቃ ለሄዱት ሜትር ያካፍሉ። በአሮጌው እግር 34 ሲካፈል ለ50፣ ለአንድ ሜትር 0.68 ትርፍ ምት ነው። በአዲሱ 38 ሲካፈል ለ65፣ 0.58 ገደማ። አዲሱ ያንኑ ሜትር በትንሽ ድካም እያስኬድዎት ነው። ጤነኛ ባለሁለት እግር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ ስለሚሆን፣ ከእሱ ጋር እኩል ልራመድ ብለው ራስዎን አያስጨንቁ።

ምት ብቻውን የሚያሳስተው ለምን መሰለዎት? ሰውነት ድካሙ እንዳይበዛበት ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ዋተርስና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያዩት ይህንኑ ነው። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በደቂቃ የሚያወጡት ጉልበት ከሌላው ሰው ብዙም አይርቅም፤ ግን ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ከጉልበት በላይ የተቆረጠባቸው ደግሞ የባሰ ይዘገያሉ። የእርስዎ ጉልበት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ግን በአንድ ቀን ልኬት ብቻ አልፈርምም። ቡና ከጠጡ፣ ፀሐዩ ከከረረ ወይም ሌሊቱን ካልተኙ ምትዎ ከፍ ይላል። በተለያዩ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይድገሙት፤ ምቱን የሚያዩት በመጨረሻው ደቂቃ ላይ ይሁን። የልብ ምት የሚያዘገይ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራልዎትም። ያኔ ትክክለኛው ልኬት አፍና አፍንጫ ላይ ጭምብል ተደርጎ የሚለካው የኦክስጅን ፍጆታ ነው።

ጫማዎንም አይቀያይሩ። ሰው ሠራሹ እግር የሚስተካከለው በአንድ ተረከዝ ከፍታ ነው፤ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ጫማ ሲያደርጉ አረማመድዎ ይዛባል። ሌላው ነገር በተቆረጠው እግር ጫፍ ላይ የሚለበሰው ካልሲ ነው። የተቆረጠው እግርዎ ጫፍ ቀን ሲውል እየቀነሰ ይሄዳል። ሶኬቱ፣ ማለትም የተቆረጠው እግርዎ የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል፣ ይሰፋና እግርዎ ውስጡ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድካሙም ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ አንድ ካልሲ ደርበው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከወረደ፣ ሶኬቱ ሳይሰፋብዎት አልቀረምና ለሠራልዎት ባለሙያ ይንገሩት። እግሩን ሲያወልቁ ቶሎ የማይጠፋ መቅላት፣ መጥቆር ወይም ቁስል ካዩ ግን ልኬቱን ይተዉትና በቀጥታ ወደ እሱ ይሂዱ።