ጥያቄ አለኝ፦ ልጄ ጂኦሎጂ መማሯ ምን ይጠቅማታል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደጀን ከተማ ነው። ልጄ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ስትመርጥ ጂኦሎጂን መረጠች። ውጤቷ ለሌላም ያበቃት ስለ ነበር ዘመድ አዝማዱ «ድንጋይ ለመልቀም ነው ወይ ይህን ያህል የለፋችው?» እያለ አስጨንቆኛል። እኔም ብሆን ይህ ትምህርት ወርቅና ማዕድን ከመፈለግ ያለፈ ጥቅም እንዳለው አላውቅም። ምን እንደሚያጠና፣ ለአገርስ ምን እንደሚፈይድ ብታስረዱኝ።
አንድ አባት፣ ከደጀን

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ከደጀን መምጣቱ ሥራችንን አቅልሎልናል፤ ልጅዎ ልታጠናው የመረጠችው ነገር ከደጅዎ ብዙም ሳይርቅ ተገልጦ ይታያልና። ከደጀን አፋፍ ተነሥተው ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛሉ፤ በዚህ ቁልቁለት ላይ ወንዙ ቆርጦ ያወጣቸው የዐለት ንጣፎች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው ይገኛሉ። ከላይ የሚያገኙት ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ባዛልት ነው። ይህ ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በምድር ስንጥቅ በኩል እየፈሰሰ ወጥቶ የረጋ ቅልጥ ዐለት ሲሆን፣ ዛሬ ጤፍና ስንዴ የምናመርትበትን ደጋ በሰፊው የሸፈነው እሱ ነው። ወረድ ሲሉ ነጣ ያለ፣ በድርብርብ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ያገኛሉ፤ በውስጡም የባሕር እንስሳት ቅሪት አለ። ያን ቅሪት ወደ ጎጃም ያመጣው ሰው አይደለም፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ከኖራው ድንጋይ ሥር ደግሞ ጂፕሰም፣ ማለትም የጀሶ ድንጋይ፣ አለ። ጂፕሰም የሚፈጠረው ጨዋማ ውሃ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ስፍራ ሲተን ነውና፣ ባሕሩ አገሩን ሞልቶ ከመሸፈኑ በፊት ዳርቻው ምን ይመስል እንደ ነበር ያስረዳናል። ከሁሉም በታች፣ ወደ ወንዙ ስንቀርብ፣ ባሕሩ ሳይመጣ በፊት የተከማቸ አሸዋ ድንጋይ እናገኛለን።

የጂኦሎጂ ትምህርት መግቢያው ይኸው ነው። ንጣፎቹ ካልተገለበጡ በስተቀር ከሥር ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል፤ እያንዳንዱም ድንጋይ የተፈጠረበትን ሁኔታ ምልክት ይዞ ይቆያል። ዓመቱ በቁጥር የሚታወቀው ግን በሌላ መንገድ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፊሉ በታወቀ ፍጥነት ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ባለሙያው የተጠራቀመውን አርጎን ለክቶ ድንጋዩ ከረጋ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳላት የታወቀው አፅሟን በመለካት ሳይሆን፣ በተገኘችበት ደለል ውስጥ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ በዚህ ዘዴ በመለካት ነው።

ዘመዶችዎ የጠየቁት ጥቅም ከዚህ ይጀምራል። ማዕድን መፈለግ አንዱ ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ ወርቁ፣ የሲሚንቶው ኖራ፣ የግንባታው ድንጋይ ሁሉ ያለ ጂኦሎጂ አይገኝም። እኛ ግን ከዚህ ይልቅ የዕለት ኑሮን የሚነካውን ማስቀደም እንወዳለን።

በአካባቢዎ ያለውን መረሬ አፈር ያስቡ። ይህ ጥቁር አፈር ባዛልት በረጅም ዘመን ሲበሰብስ የሚሰጠው የሸክላ አፈር ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጤፍ የሚመች ይሁን እንጂ ቤት ሲሠራበት መሠረቱን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ገና አዲስ ሳለ ግድግዳው ከማዕዘን እስከ መስኮት የተሰነጠቀ ቤት አይተው ከሆነ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የግንበኛው ላይሆን ይችላል። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለውና ከሥሩ ምን ዓይነት ዐለት እንዳለ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ወይ አፈሩ ተጠርጎ ይወጣ ነበር፣ ወይ መሠረቱ እስከ ጠንካራው ድረስ ይወርድ ነበር።

የውሃው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወንጂ፣ በዝዋይና በላንጋኖ አካባቢ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ የተጎዳ ብዙ ወገኖች አሉ። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ ውስጥ እየሞቀ ሲዘዋወር ፍሎራይድ ያሟሟል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም አነስተኛ በመሆኑም ፍሎራይዱን ይዞ የሚያስቀረው ነገር አይኖርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚያ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ከዚህ መጠን በእጅጉ የበለጠውን ለዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ጭምር ይጎዳል፣ ጀርባው ይጎብጣል። ይህ ውሃ ለዓይን ንጹሕ ነው፣ ማፍላትም ፍሎራይዱን አያስወጣውም፤ ስለዚህ የት ቢቆፈር ደህና ውሃ እንደሚገኝ፣ የትኛውስ ጉድጓድ ለመጠጥ እንደማይሆን አስቀድሞ የሚናገር ባለሙያ ሊኖር ይገባል። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር መንደር ሙሉ ገንዘብ እንደሚያዋጣ እርስዎም ያውቃሉ።

ስለ ተዳፋት መሬትም አንድ ነገር እንጨምር። በአባይ በረሃ የሚያልፈው መንገድ በክረምት በተደጋጋሚ የሚጎዳው፣ ከላይ የተናደው የባዛልት ፍርስራሽ ለስላሳ በሆኑት ንጣፎች ላይ ተከምሮ ውሃ ሲገባበት ስለሚንሸራተት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በገዜ ጎፋ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰውን ማንም አይረሳውም። መጀመሪያ በናዳው የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ተዳፋቱ ዳግመኛ ተንዶ፣ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በዝናብ የራሰ ተዳፋት አንድ ጊዜ ከተናደ ድጋፉን ያጣው የላይኛው ክፍል ሊከተል እንደሚችል ለጂኦሎጂ ተማሪ በጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ለቀበሌ አመራርና ለገበሬ ግን እስካሁን በበቂ አልደረሰም። ልጅዎ ይህን እውቀት ለጎረቤቶቿ የምታደርስ ከሆነ፣ ምርጫዋን ከልብ እንደግፋለን።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት ከእንቅልፋችን ሲያነቃን ነበር። ባለሙያዎቹ ምድርን ይህን ያህል ካጠኑ ቀኑን አስቀድመው የማይነግሩን ለምንድን ነው?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የቻለ አገር በዓለም የለም። ዐለቱ የሚሰበረው ከእግራችን በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ወርዶ ነው፤ ምን ያህል ውጥረት እንደተሸከመና ምን ያህሉን እንደሚችል እዚያ ወርዶ የሚለካ መሣሪያ የለንም። ስለዚህ ቀን ቆርጦ የሚነግርዎ ሰው ቢመጣ አይመኑት።

የት ሊከሰት እንደሚችል ግን በደንብ ይታወቃል። ስምጥ ሸለቆው ምሥራቁን ከምዕራቡ እያራቀ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል የሆነው ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ስንጥቅ ከፍቶ መግባቱ ሲሆን፣ የመሬቱ ገጽ ምን ያህል እንደተለወጠ በሳተላይት ተለክቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ 5.8 የተለካ ነበር። ከአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወሩ የተደረገውም አደጋው ያለበት ቦታ በመታወቁ ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በደሴ መንገድ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን መንደር አፍርሷል። የአዲስ አበባን የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ያቋቋሙት ፒየር ጉዊን እንዲህ ያለውን የአገራችንን ታሪክ ሰብስበው መዝግበዋል፤ ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስም የትኛው አካባቢ ለየትኛው ኃይል መዘጋጀት እንዳለበት የሚያውቀው ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው።

እርስዎ ቤት ውስጥ ሳሉ ቢንቀጠቀጥ ወደ ደረጃው አይሩጡ፣ ሊፍትም አይጠቀሙ። ከመስታወትና ከቁም ሣጥን ርቀው በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡና እስኪያበቃ ራስዎን ሸፍነው ይቆዩ። ቁም ሣጥኑን ዛሬውኑ ከግድግዳው ጋር በብሎን ያሳስሩት፤ በልጆች አልጋ ራስጌ የተሰቀለ ከባድ ነገር ካለም ያውርዱት።