«ለሦስት ወር» ብሎ የገባው የአክስት ልጅ

ጥያቄ፦ እናታችን በ2015 ዓ.ም. ስታርፍ ጉለሌ የሚገኘውን መኖሪያ ቤቷን ለሦስት ልጆቿ ትታ አልፋለች፤ ካርታው እስከ ዛሬ በእርሷ ስም ነው። የአክስቴ ልጅ በ2011 ዓ.ም. «ሥራ እስካገኝ፣ ለሦስት ወር» ብሎ አንድ ሻንጣ ይዞ ገባ፤ ኪራይ ከፍሎ አያውቅም፣ ውልም የለንም። አሁን ልቀቅ ስንለው «ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ያንተ ነው ብላኛለች፤ ጎረቤት ይመስክር» ይላል፤ የእናታችንንም መኝታ ቤት በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎታል። ፖሊስ ጣቢያ ብንሄድ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተባልን። ወንድሜ ጓጉንቸሩን ሰብሮ ዕቃውን ደጅ አወጣለሁ እያለ ነው። ምን ይሻለናል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ወንድምዎን ይያዙልን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1148 ይዞታን በኃይል ማስመለስን የሚፈቅደው ነጠቃው እንደተፈጸመ ወዲያውኑ ለሚደረግ መከላከል ነው፤ ያም ቢሆን ከሁኔታው ጋር በማይመጣጠን ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። በፈቃድ ገብቶ ዓመታት የኖረን ሰው ዛሬ ዕቃውን ደጅ ማውጣት ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ጓጉንቸሩ በተሰበረ ማግስት የአክስትዎ ልጅ በቁጥር 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስ፣ «ዕቃዬም ጠፋ» ሊል ይችላል፤ እናንተም ከሳሽ መሆን ሲገባችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

የቃል ስጦታው ያን ያህል አያስጨንቃችሁ። በቁጥር 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ይህ ኑዛዜ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «የቃል ኑዛዜ ነው» ቢልም እንኳ በቁጥር 893 መሠረት በቃል ሊተላለፍ የሚችለው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አይበልጥም። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ ለቤት ግን ያን ጊዜም አይበቃም ነበር። ጎረቤት የሰማውን ቢመሰክር ማስታመሙን ያስረዳል እንጂ ባለቤት አያደርገውም። ስላስታመመ ልታመሰግኑት ብትወዱ ያ የእናንተ ፈንታ ነው።

«ዘመዳችሁ ነኝና አኑሩኝ» ቢላችሁም ክርክሩ ሩቅ አይሄድም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 198 የመቀለብ ግዴታን የሚጥለው በወላጆችና በተወላጆች፣ በቀጥታ መስመር ባሉ የጋብቻ ዘመዶች እንዲሁም በወንድማማቾችና በእህትማማቾች መካከል ነው፤ የአክስት ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። «እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ትንሽ ይክፈል» ብላችሁ ገንዘብ መቀበል እንዳትጀምሩ። ያኔ «ተከራይ ነኝ» ይላል፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ለኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ያላነሰ ዘመን ያስቀምጣል። ዓመታዊውን የቤት ግብርም እናንተው ከፍላችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለተከታታይ 15 ዓመት ግብሩን የከፈለ ሰው የባለቤትነት ጥያቄ ሊያነሳ ይችላልና። ግቢው ውስጥ ክፍል መሥራት ቢጀምር ደግሞ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ተቃወሙ፤ ሕጉ ተቃውሞ እያለ የተሠራንና ዝም የተባለበትን ግንባታ በቁጥር 1178 እና 1179 ለይቶ ያያቸዋል።

እንግዲህ ሦስታችሁም ከከተማው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፤ ከእናንተ መካከል ውጭ አገር የሚኖር ካለ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ይላክ። ቀጥሎ የመልቀቂያውን ቀን ለይቶ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁ በሪኮማንዴ ላኩለት፤ ቅጂውንም ያዙ። ሽማግሌ መላክ ከፈለጋችሁ ጊዜው ይህ ነው፤ ስምምነቱ ግን የሚወጣበት ቀን ተጽፎበት፣ እርሱም ምስክሮቹም ፈርመውበት ይሁን፤ «ከፋሲካ በኋላ እወጣለሁ» የሚል የቃል ተስፋ ስንት ቤተሰብ ለስንት ፋሲካ እንዳቆየ እናውቃለን።

በቀኑ ካልወጣ በቁጥር 1206 መሠረት ያለ መብት የተያዘ ቤት ይለቀቅልን ብላችሁ ክሰሱ። ፍርዱ ከተሰጠም በኋላ እምቢ ካለ የአፈጻጸም ማመልከቻ ታቀርባላችሁ፤ ያን ጓጉንቸር የሚከፍተውም በዚያ ትእዛዝ የተላከ ሰው ይሁን፤ ወንድምዎ ቆሞ ይመልከት።