አንገት ሲጣመም፦ ከአራስ እስከ አዋቂ

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ያዘነብላል፣ ፊቷ ግን ሁሌ ወደ ግራ ነው። በቀኝ በኩል አንገቷ ላይ ትንሽ ጠንካራ እብጠት ይዳሰሳል። እናቴ ወጌሻ ጋ ወስደን እናሳሻት እያለች ነው። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወጌሻው ይቅር፣ እህቴ። እናትሽን በደንብ አስረጂያቸው፤ የአራስ አንገት በጉልበት አይታሽም፣ አይጠመዘዝምም።

የነገርሽኝ ነገር ሐኪሞች ቶርቲኮሊስ የሚሉትን፣ ከውልደት ጀምሮ የሚመጣውን የአንገት መጣመም ይመስላል። ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ እስከ ደረት አናት የሚወርድ ጡንቻ አለ፤ የቀኙ ሲያጥር ጭንቅላቱን ወደ ራሱ ይጎትትና አገጩን ወደ ግራ ያዞረዋል። እብጠቱም ብዙ ጊዜ የዚሁ ጡንቻ መወፈር ነው፣ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ቢሆንም ሐኪም ዳስሶ ያረጋግጥ። ማህፀን ውስጥ ተጨናንቀው የቆዩ፣ በመቀመጫቸው የመጡ ወይም በመሣሪያ ታግዘው የተወለዱ ልጆች ላይ በርከት ብሎ ይታያል። ያንቺ አያያዝ ያመጣው አይደለም።

ዋናው ሕክምና ያጠረውን ጡንቻ በቀስታ ማሳሳብ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንዴ በእጅሽ እያስያዘ ያሳይሽ፣ ከዚያ ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር ቤት ውስጥ ትሠሪዋለሽ። ወደ ቀኝ እንድትዞር አባብያት፤ መጫወቻውም፣ ድምፅሽም፣ የመስኮቱ ብርሃንም በቀኟ በኩል ይሁን። ነቅታ ሳለች ደረትሽ ላይ በሆዷ አስተኚያት። ለእንቅልፍ ግን በጀርባዋ ብቻ! ፊቷን ሁሌ ወደ አንድ ጎን አዙራ ከተኛች ጭንቅላቷ በዚያ በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ሦስት ወር ሳይሞላቸው ሕክምናው የተጀመረላቸው ልጆች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ጥገና ይስተካከላሉ፤ ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ዓመት አልፎም ካልተለወጠ ነው።

ሐኪሙ ዳሌዋንም ይይልሽ። እነዚህ ልጆች ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር አብሮ ሊኖር ይችላል፣ በዚህ ዕድሜ በአልትራሳውንድ ይታያል። ጡንቻው ያልጠነከረ ሆኖ አንገቱ ብቻ የሚያዘነብል ልጅ ደግሞ ችግሩ ዓይኑ ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ትናንት ደህና ተኝቼ ዛሬ አንገቴ ተይዞ ተነሳሁ። መዞር አቃተኝ። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአብዛኛው በአስተኛኘት ነው፣ በጥቂት ቀናት ይለቅሃል። ሞቅ ያለ ፎጣ አድርግበት፣ የሚስማማህ ከሆነ ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ሳታስገድድ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሰው። ጓደኛህ «ቋ» እንዲያደርግልህ ግን እንዳትፈቅድለት። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት አብሮ ካለ (ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል)፣ ከወደቅክ ወይም እጅህ ከደነዘዘ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ለሳምንታት ሳይለቅ አንገትህ ያለፈቃድህ እየዞረ የሚያስቸግርህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የነርቭ ሐኪም ይየው፣ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚወጋ፣ ጡንቻውን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ ብዙዎችን ይረዳል።

ጥያቄ፦ እህቴ ሲያስመልሳት መርፌ ተወጋች። ማታ አንገቷ ተጠመዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። ጎረቤት «ጸበል ውሰዷት» አለ። በነጋታው ተሻላት። ምን ነበር? (ወንድም፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ የመድኃኒቱን ስም አጣራ። ሜቶክሎፕራሚድ፣ ማለትም ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው ከሆነ፣ ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፤ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም፣ ለምሳሌ ሃሎፔሪዶል፣ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ሰውየው ግን ሙሉ በሙሉ ይሰማል፣ ያውቃል፣ ስለዚህ አጠገቡ ቆማችሁ «ለክፎት ነው» እያላችሁ አታስፈራሩት። ጸበሉ የትም አይሄድም፣ ዳግም ከመጣባት መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ በማፍታቻው መርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃታል። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃታት ደግሞ ለአፍታም አትቆዩ። የመድኃኒቱን ስም ካርዷ ላይ አስጽፉ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም ሐኪም ወይም ፋርማሲ ስትሄድ ቀድማ ትንገራቸው።