ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ስኳር አጠጥተው ሽንት የሚሰበስቡት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አራት ወር ሙሉ ተቅማጥ እየተመላለሰብኝ 8 ኪሎ ቀነስኩ፤ ያየኝ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። ከአዲስ አበባ የተላከልኝን የጃርዲያ ኪኒን፣ ቲኒዳዞልን፣ ሦስት ጊዜ ወሰድኩ፤ ስንዴም ትቻለሁ። አሁን ሐኪሜ ስኳር ጠጥቼ ለአምስት ሰዓት ያህል ሽንቴ እንዲሰበሰብ አዘዋል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ይህ ነገር ስኳር ያስይዘኝ ይሆን?

መልስ፦ አያስይዝዎትም። የሚጠጡት ዛይሎስ የሚባል ስኳር ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም፣ ከገባው ውስጥ ጥሩ ድርሻው በሽንት ይወጣል። ግን እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎት ክሳትዎ ይመስለኛል። ኤችአይቪ ብለው ከፈሩ በአንድ የደም ምርመራ ይገላገሉት። ካንሰርም ቢሆን በዚህ ምርመራ አይፈለግም። ሐኪምዎ የጠረጠሩት የበሉት ምግብ ወደ ደምዎ አልገባም ብለው ነው፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አለው።

ከሌሊቱ ጀምሮ ምንም ሳይበሉ፣ ብዙ ጊዜ 25 ግራም በውሃ ተበጥብጦ ይሰጥዎታል። ዛይሎስ እንደ ሌላው ምግብ የሚያፈጨው የቆሽት ፈሳሽ አያስፈልገውም፤ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ጤነኛ ከሆነ ይገባል። በአምስት ሰዓት ውስጥ በተሰበሰበው ሽንት ከ4 ግራም በላይ ዛይሎስ ከተገኘ ግድግዳው ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ፊታችንን ወደ ቆሽት እናዞራለን። ካነሰ ግድግዳው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ታሞ እንደሆነና በምን እንደታመመ ግን ሌላ ምርመራ ነው የሚነግረን። ሽንት ከደፉ ውጤቱ ይበላሻል። በዋዜማው ፍራፍሬና ማርማላታ ይተዉ፤ አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ።

አሁን ወደ ቲኒዳዞሉ። ሦስት ጊዜ! እኛ ዘንድ ሆድ ከተነፋ ጃርዲያ ነው፣ ካገሳን ጃርዲያ ነው፣ ከከሳንም ጃርዲያ ነው። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣ የሚመጣ ኪኒን ደግሞ ሐኪም አይጠይቅም፣ ሰገራም አያይም። ጃርዲያ ውሸት ነው አላልኩም፤ አንጀትን አስቆጥቶ ምግብ እንዳይገባ ያደርጋል። ነገር ግን እሱ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ይለቅዎት ነበር። ካልለቀቀ ሰገራ ይመረመራል እንጂ ያው ኪኒን አይደገምም። እርስዎ ግን ደግመው፣ ሠልሰው፣ አራት ወር አሳለፉ።

ስንዴ መተውዎም አላስደሰተኝም። የስንዴና የገብስ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለ፤ የደም ምርመራውም ሆነ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚታመነው ሰውዬው ስንዴ እየበላ ሳለ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ አሜሪካ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል። ምናልባት ሳያውቁት አልተዉት ይሆናል፤ ለአንዴ ደባላቂውን ያመስግኑልኝ። ስንዴ መተውዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በራስዎ አይጀምሩ፣ በራስዎም አይተዉ።

ሰገራዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይደውሉ። የተረፈውን ኪኒንም ይዘው ይሂዱ፤ ምን ሲወስዱ እንደነበረ ሐኪምዎ በዓይናቸው ይዩት።