የቀንድ አውጣው ሣጥን ትንኝ ሲያፈራ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ለተማሪዎቻቸው ማሳያ ብለው በአሮጌ የዓሣ መስታወት ውስጥ ቀንድ አውጣ ያሳድጋሉ። ሣጥኑ ሳሎን ነው የተቀመጠው። ሙዝ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ያበሏቸዋል። አሁን ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር ትንንሽ ዝንብ ፊታቸው ላይ ቡን ይላል። አከራያቸውም ማጉረምረም ጀምረዋል። "ፍሊት ልንፋ ወይስ ሁሉንም አውጥቼ ልድፋ?" ይላሉ።

መምህር፣ ሁለቱንም አያድርጉ። እኔ ደሴ ላይ ማዳበሪያ የሚሠሩ ትሎችን በሣጥን ነው የማረባው። እነዚህ ዝንቦች የሥራዬ አካል ናቸው ማለት ይቻላል። ፍሊት የሚገድለው አየር ላይ ያለውን ነው። እንቁላሉና ትሉ ሙዙ ውስጥ ተደብቀው ይተርፋሉ። መርዙ ደግሞ መስታወቱና አፈሩ ላይ ያርፋል። ቀንድ አውጣ በሆዱ እየተሳበ፣ ያገኘውን እየላሰ የሚኖር ፍጥረት ስለሆነ ያ ሁሉ ወደ እሱ ይገባል። ሸረሪት ወይም ጢንዚዛ የምታሳድጉማ ሣጥኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ፍሊት የሚባል ነገር እንዳትነኩ። "ጨው ነስንስበት" የሚል መካሪም አይጠፋም። ጨው ዝንቡን ትቶ ቀንድ አውጣውን ነው የሚጨርሰው።

መጀመሪያ የትኛው ዝንብ እንደሆነ ይለዩ። ሰው ሁሉንም ትንኝ ብሎ ይጠራል እንጂ ቤት የሚገቡት አንድ ዓይነት አይደሉም። መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ብርጭቆ ይድፉበትና ጠጋ ብለው ይዩት። ቡናማ፣ ደንደን ያለ፣ ዓይኑ ቀይ ከሆነ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ሆኖ ከመብረር ይልቅ አፈሩ ላይ መሮጥ የሚወድ ከሆነ ግን የእርጥብ አፈር ትንኝ ነው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። ከነገሩኝ ስነሳ የእርስዎ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሙዝና ቲማቲም ያለበት ቤት እሱ ነው የሚገባው።

የፍራፍሬ ዝንብ ፍሬውን ራሱን ሳይሆን ፍሬው ሲብላላ የሚፈጠረውን እርሾ ነው የሚፈልገው። አንዷ ሴት በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል እስከ ክንፍ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። 18 ዲግሪ ላይ ግን ጊዜው በእጥፍ ግድም ይረዝማል። እዚህ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን ብርዱ ያግዘናል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ለዝንቡ ይመቸዋል። ስለዚህ የደሴ ሰው "አንድ ሳምንት ብተወው ምን ይመጣል" ቢል ያምርበታል፣ ለእርስዎ ግን አልመክርም።

ዋናው ሥራ ያለው ምግቡ ላይ ነው። ቀንድ አውጣ የሚበላው ማታ ስለሆነ ምግቡን አመሻሹ ላይ ይስጡ፣ ጠዋት የተረፈውን ሁሉ ያውጡ። አፈሩ ላይ አይጣሉት። ሰፋ ባለ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ካስቀመጡት ጠዋት ከነጭማቂው አንስተው ማጠብ ነው። ሙዙንና ቲማቲሙን ለጊዜው ይተዉት። ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመንና ሰላጣ ቶሎ አይብላሉም፣ ቀንድ አውጣውም አይከፋውም። ከገበያ የመጣ ፍሬ እንቁላል ይዞ ሊመጣ እንደሚችል አይርሱ። ፍሪዘር ካለዎት የሚሰጡትን ቆራርጠው ለአንድ ሁለት ቀን ያስቀምጡትና ሲቀልጥ ይስጡ። ከሌለዎት የፈላ ውሃ ያፍሱበት፣ ከዚያ በደንብ ያቀዝቅዙ። የተረፈውን ደግሞ ቤት ውስጥ ካለው ቆሻሻ መጣያ አይጨምሩት። በፌስታል ቋጥረው ከግቢ ያውጡት።

ከዚያ መስታወቱን ይዩ። ጠርዝና ማዕዘን ላይ፣ ክዳኑ ሥር፣ ከጤፍ ፍሬ ተለቅ የሚሉ ቡናማ ነገሮች ተጣብቀው ያገኛሉ። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያልፋቸዋል። ነገ የሚበርሩት ግን እነሱ ናቸው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያውጡና ጨርቁን በፈላ ውሃ ይንከሩት። ሳሙና አይጠቀሙ። ምግብ ይቀመጥበት የነበረውን የላይኛውን አፈርም ሁለት ሦስት ጣት ያህል አንስተው በንጹሕ ይተኩት። ከመድፋትዎ በፊት በጣትዎ ይፈትሹት። ምስር የሚያህሉ ነጫጭ ክብ ነገሮች ተከማችተው ካገኙ የቀንድ አውጣዎ እንቁላሎች ናቸውና ወደ ሣጥኑ ይመልሷቸው።

ክዳኑ ላይ የአጎበር ጨርቅ ወጥረው ከሆነ ይቀይሩት። ቀዳዳው ለወባ ትንኝ እንጂ ለዚህ አልተሠራም፣ ተሽሎክሉኮ ይገባል። የሴቶች ስቶኪንግ ሁለት ድርብ አድርገው በላስቲክ ይወጥሩ። አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያሳልፍም።

ውጭ የሚበርሩትን በአቼቶ ያጥምዷቸው። ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አቼቶ ይጨምሩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ ጣል ያድርጉበት። ሳሙናው ባይኖር ዝንቡ ውሃው ላይ ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል። ሳሙናው ሲገባ ይሰምጣል። ብርጭቆውን ከሣጥኑ ጎን ያስቀምጡ እንጂ ውስጥ እንዳያስገቡት። ቀንድ አውጣው ወጥቶ ይገባበታል። ደግሞ አቼቶው ሞላ ብለው አይደሰቱ። የሚይዘው ክንፍ ያወጣውን ዝንብ ብቻ ነው። እኔ የምጠቀምበት ለመቁጠር ነው። ዛሬ ከትናንት ካነሰ ሥራው ይዟል ማለት ነው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልንገርዎ። ሣጥኑ ንጹሕ ሆኖ ዝንቡ ካልቀነሰ ወደ ማዕድ ቤት ይሂዱ። ክዳኑ ያልገጠመ የሊጥ ባልዲ ለዚህ ዝንብ ከማንም ቀንድ አውጣ ሣጥን ይበልጥበታል። ቅርጫት ውስጥ ሥር የቀረች ማንጎ፣ ሳይደርቅ የተጣለ መወልወያ፣ ለበዓል የተጠመቀ ጠላ አተላ፣ የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ። አከራይዎ ጋርም ይሄ ሳይኖር አይቀርም፣ ግን እንዴት እንደሚነግሯቸው እርስዎ ያውቃሉ።

የያዙት ጥቁሩና ቀጭኑ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥፋቱ የውሃው ነው። አፈሩ ረጥቦ ሻግቷል፣ ትሉም ሻጋታውን ይበላል። ለማረጋገጥ የድንች ቁራጭ አፈሩ ላይ አስተኝተው ያሳድሩ። በነጋታው ሲገለብጡት ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆኑ ነጫጭ ትሎች ከሥሩ ካገኙ እነሱ ናቸው። ላይኛውን አፈር ይቀይሩ፣ ውሃ የሚረጩትን ይቀንሱ፣ ሳሎን ያለውን የአበባ ማሰሮም ያድርቁት። ከተሰበረ ቢጫ ጄሪካን ቁራጭ ቆርጠው ቫዝሊን ቀብተው ከሣጥኑ ውጭ ቢያቆሙ ብዙ ይይዝልዎታል። ቢጫ ቀለም ይስባቸዋል።

ለሦስት ሳምንት ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ከዚያም በኋላ ካልጠፉ ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ያሽትቱ። ዛጎሉ ውስጥ ተሸሽጎ የተኛና የሞተ ለዓይን አይለይም። ለአፍንጫ ግን ይለያል፣ የሞተው ሽታው አያስጠጋም። እሱን አውጥተው ራቅ አድርገው ይቅበሩት። ዛጎሉን ከፈለጉ ያፍሉት፣ ሲደርቅ ለክፍልዎ ማሳያ ይሆናል።