ነጠላው ነጭ ነበር

ፎቶ አንሺ ልጆቼ፣

እዚህ ጅማ በቅርቡ ፎቶ ቤት የከፈተ ወጣት «ጋሼ፣ ስክሪኔ ላይ ፍክት ያለው ፎቶ ሲታተም ለምን ይጠቁራል? ፕሪንተር ልቀይር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ መጀመሪያ እሱን ላውጋችሁ።

ዲጂታል ካሜራ ገና ሲገባ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከአጋሮ ባልና ሚስት መጡ። አረብ አገር ላለች ልጃቸው የሚልኩት ፎቶ ፈልገው ነው። የክረምትን ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ እናትየው በእንዶድ ያጠቡትን ነጠላ መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው፣ መስታወታችን ፊት ቆመው ለበሱት። እንዴት ያለ ንጣት መሰላችሁ!

ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ነጠላው ቢጫ ሆኗል። የሁለቱም ፊት ዐይናቸው እስከማይለይ ድረስ ጠቁሯል። እናትየው ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አገላብጠው አዩትና «አጥቤው ነበር እኮ» አሉ። ባለ ፎቶ ቤቱ «ካሜራ አይዋሽም እማማ» አላቸው። አባትየው «ተይው፣ እርጅናው ነው ያጠቆረን» ብለው ሂሳቡን ከፈሉ። ፎቶው ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ያቺ ልጅ እናቴ ነጠላ ማጠብ አቃታት እንዴ ብላ አዝና ይሆን? ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። የዚያ ቤት ሞኒተር ባለ ቱቦው ዓይነት ነበር፤ 9300 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል) ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር ወደ ሰማያዊ ይስባል፣ ብርሃኑም እስከ ጥግ ከፍ ብሏል። ባለቤቱ ነጠላውን ሰማያዊ ሆኖ ስላየው ቢጫ ጨመረበት፤ ፎቶው በጣም የበራ ስለመሰለው አጠቆረው። ፋይሉ ፕሪንተሩ ጋ ሳይደርስ ተበላሽቶ ነበር። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን የሚያርፍበትን ብርሃን ከመመለስ በቀር የራሱ ብርሃን የለውም።

እናንተ ለሌንስ ብር አትሰስቱም። ስክሪኑን ግን ከሱቅ እንደመጣ ትሠሩበታላችሁ። ፊት የሚያነጣውን ዝግጁ ማስተካከያ፣ ፕሪሴቱንማ አታንሡብኝ፤ የሰው መልክ የሰውየው ነው።

ስለዚህ ፕሪንተር ከመቀየራችሁ በፊት የስክሪንን ቀለምና ብርሃን ለክቶ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ካሊብሬተር ግዙ፣ ወይም ሁለት ሦስት ፎቶ ቤት ሆናችሁ በጋራ ግዙ። ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ፤ ከዚያ 6500 ኬልቪን፣ ጋማ (በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው የድምቀት አወራረድ) 2.2፣ ብርሃኑን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር አድርጋችሁ ለኩት። በየወሩ ድገሙት፤ ስክሪን እየቆየ ይለወጣል። ዐይናችሁን አትመኑ፤ ዐይን ያየውን ቶሎ ይለምዳል። የእናቶችን ዐይን ግን አምናለሁ። ያቺ እናት ያለ ምንም መሣሪያ በሩ ላይ ቆመው ትክክሉን ተናግረዋል።

ፕሪንተሩ የሚፈልገው ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ወረቀትና ቀለም የየራሱ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር ፋይል አለው፤ የአንጸባራቂውን ለማያንጸባርቀው (ማት) ወረቀት ብትጠቀሙ አይሆንም። የቀለሙን ሥራ ፎቶሾፕ እንዲሠራ ካደረጋችሁ የፕሪንተሩን የራሱን ማስተካከያ አጥፉት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ፎቶው ሁለት ጊዜ ይታረምና ይበላሻል። ሌላ ማተሚያ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ ቤቱ ሌላ ካልጠየቃችሁ በኤስአርጂቢ (በተለመደው የፎቶ ፋይል የቀለም ደረጃ) ላኩ።

በጥቁርና ነጭ ዘመን ኔጋቲቭ በእርሳስ የሚያስተካክሉ አንድ አዛውንት ነበሩን፤ የታጠበውን ፎቶ በአምፖል ብርሃን አይመረምሩም፣ እስኪነጋ ያሳድሩታል። ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር፤ ትክክል ነበሩ። እናንተም በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር) የታተመ ፎቶ እንደወጣ አትፍረዱበት፤ ይድረቅ። ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ፣ ወይም 5000 ኬልቪን በሆነ መብራት ሥር እዩት። ኮምፒውተሩ ያለበት ጥግ ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ደግሞ ግራጫ ቀቡት።