«በ1895 መጣ» ሲባል የማን 1895?

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ ከመንዝ ተነሥቶ «በ1895 በባቡር ድሬዳዋ ገባ» እየተባለ አድገናል። ልጁ፣ ማለትም አያቴ፣ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለለ ነበር። የቅድመ አያቴን አመጣጥ በሰነድ ለማረጋገጥ ከየት ልጀምር?
— ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

መልስ፦ በመጀመሪያ ወሬውን ራሱን እንፈትሸው። 1895 በፈረንጅ ከሆነ ሃዲዱ ገና አልተጀመረም፤ ከጅቡቲ ሥራው የተነሣው በእኛ 1890 ነው። በእኛ 1895 ከሆነ ግን ልክ ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ነበር። ችግሩ ባቡሩ የመጣው ከጅቡቲ በኩል መሆኑ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ስለሆነ በ1895 ከመንዝ የተነሣ ሰው ድሬዳዋ የሚደርሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነው። እንግዲህ ወይ ዓመቱ ትክክል ሆኖ «በባቡር» የተባለው «ለባቡር ሥራ» ነበር፣ ወይ ደግሞ ዘግይቶ በባቡር መጥቶ ቤተሰቡ የከተማዋን መቆርቆሪያ ዓመት አውሶታል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው። የሚለየው የልጆቹ ዕድሜ ነው፦ ድሬዳዋ የተወለደው የመጀመሪያ ልጅ ከ1909 ብዙ ቀድሞ ከሆነ «በባቡር» የሚለው አጠራጣሪ ይሆናል።

ሽማግሌዎችን «ስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚመለስልዎ ግምት ነው። «ጣሊያን ሲገባ እገሌ ስንት ዓመቱ ነበር? አግብቶ ነበር?» ይበሉ። ጣሊያን 1928 ስለሆነ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል።

ለሰነዱ ከቅርቡ ይነሡ። የአያትዎ የጡረታ ማኅደር ወደ ቅጥር ማኅደሩ ይመራዎታል፤ እዚያ የአባት ስምና የትውልድ ቦታ የመገኘት ዕድል አለው። «መንዝ» ተብሎ እንዲጻፍ ግን አይጠብቁ፤ ጸሐፊው «ሸዋ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አሮጌው የባቡሩ መዝገብ በፈረንሳይኛ ነው፤ ብዙ ፈላጊ ባዶ እጁን የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው። ወልዴን በደብልዩ ሥር ካጡት በኦ ሥር ይፈልጉት፤ ሸዋዬ በኤስ ሳይሆን በሲ፣ ጨርቆስ በቲ ይጀምራል። ኃይሉ ኤቹን ጥሎ በኤ ሥር ሊገባ ይችላል። ፈረንሳዊ ጸሐፊ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ በሁለቱም ስም ይፈልጉ። ድሬዳዋም መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበርና «ሐረር» የሚል ሰነድ ሲገጥምዎ ወዲያው አይተዉት።

የልደት ወረቀት ፍለጋ አይድከሙ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ነው። ይልቅ ቤት ከነበራቸው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰበት በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ጊዜ የተያዘው የቤት ሰነድ የባለቤቱን ሙሉ ስም ሊሰጥዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐረር ቤተ ክርስቲያን ግቢ የአያታችን ነው በተባለ መቃብር ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ ዓመቱም ፸፬፻፳፫ ይላል። ተሳስተን ይሆን?

መልስ፦ ላትሳሳቱ ትችላላችሁ። ለሟች ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ ድንጋዩ ላይም እሱ ሊቀረጽ ይችላል፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አሮጊት ወይም የንስሐ አባት ካለ ይጠይቁ። ቁጥሩ 7423 ነው፤ ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር፣ ስለሆነ 5500 ሲቀነስለት 1923 ዓ.ም. ይሆናል። ፊደሉ ከደበዘዘ በሽቦ ብሩሽና በበረኪና አይፈትጉት፤ ድንጋዩ ይላጣል፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። በለስላሳ ብሩሽና በውኃ ብቻ አቧራውን ያንሡ፤ ከዚያ ሲመሽ የስልክዎን መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበትና ፎቶ ያንሡ። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ከፊት ለፊት ብልጭታ ካነሡ ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።